ባዶውን የሚንቀጠቀጥ ፒክአፕ

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ስሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 የተሠራ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ። በሳምንት 3 ቀን ድንች ጭኜ አዲስ አበባ አደርሳለሁ። ካለፉት 4 ወራት ወዲህ መኪናው በሰዓት ከ75 እስከ 85 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ወለሉና ወንበሩ ይንቀጠቀጣሉ፤ መሪው ግን ሰላም ነው። ጠዋት ስሄድ ምንም የለም፣ ማታ ስመለስ ይጀምራል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የሚግል አንዳች ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ። ጎሚስታ ቤት 2 ጊዜ ባላንስ አሠራሁ፣ የኋላ ጎማዎችን በአዲስ ቀየርኩ፣ ክሮቸራም (ኃይል አስተላላፊውን ዘንግ የሚያያይዘውን ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) አስለወጥኩ፤ ለውጥ የለም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስሚንቶ ጭኜ ስመለስ ጭራሽ አልታየም። አሁን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይውረድ እየተባልኩ ነው። ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ፣ ችግሩ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ከኋላ በየጎኑ አንድ አንድ ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከም የብረት ምላስ) አስጨምሬ ነበር። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ካምቢዮውን ለጊዜው አያስወርዱ። በደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ «ምናልባት ይጠቅም እንደሆነ» ብለው የጠቀሱት ነገር ከጠቅላላው ጽሑፍ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለናል። የጠዋቱንና የማታውን ጉዞ የሚለየው ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ጠዋት መኪናው ጭነት አለው፣ ማታ ባዶ ነው። ችግሩ ከሙቀት ቢሆን ኖሮ ስሚንቶ በጫኑበት ማታም መታየት ነበረበት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥርጣሬያችን የሚያርፈው ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል (በኋላ ጎማዎች መካከል ወዳለው የማርሽ ክፍል) ኃይል በሚያስተላልፈው የትራንስሚሽን ዘንግ ማዕዘን ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮቸራ ዘንጉን አጥፎ ሲያሽከረክር ፍጥነቱን እኩል አድርጎ አያስተላልፍም፤ ዘንጉ በዞረ ቁጥር 2 ጊዜ ያፈጥነዋል፣ 2 ጊዜ ያዘገየዋል፤ እጥፋቱ በጨመረ መጠን መዋዠቁም ይጨምራል። በሌላኛው ጫፍ ያለው ክሮቸራ በተመሳሳይ ማዕዘን ሲታጠፍ ይህን መዋዠቅ ያጠፋዋል፤ ማዕዘኖቹ ሲለያዩ ግን የተረፈው ወደ መኪናው አካል ይገባል። ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ኋላ ከፍ ይላል፣ የዘንጉም ቁልቁለት ይጨምራል፤ ድንቹ ሲጫን ኋላው ወደ ቀድሞ ቦታው ስለሚወርድ መኪናው ጸጥ ይላል። እንደ እርስዎ መኪና ያለ ጎማ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል፣ ዘንጉ ደግሞ የዚያን 4 እጥፍ ገደማ። ስለዚህ የጎማ ችግር ሊቆጠር የሚችል የሚመስል መወዛወዝ ሲሆን፣ የዘንግ ማዕዘን ችግር ግን በሰከንድ ወደ 80 ጊዜ የሚደጋገም፣ በጫማ ሥርና በወንበር የሚሰማ ጥብቅ ጉርምርምታ ነው። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ልብ ብለው ያዳምጡ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚሞክሩት ፍተሻ በእጅዎ አለ። ከሸኖ ወደ ደብረ ብርሃን ባለው ሜዳማ መንገድ፣ ትራፊክ በማይበዛበት ሰዓት፣ መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ 2 ኩንታል፣ ከዚያም 4 ኩንታል በደንብ አስረው ጭነው በዚያው ፍጥነት ይንዱት። ክብደቱ በጨመረ ቁጥር መንቀጥቀጡ እየቀነሰ ከሄደ ጥርጣሬያችን ይጠናከራል። በባዶው ጉዞ ላይ፣ ሜዳው ላይ ብቻ፣ ፍሪሲዮን ረግጠው ለጥቂት ሰከንድ ሞተሩ ዝቅ ብሎ እንዲዞር ያድርጉ፤ መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ሞተሩን ከተጠርጣሪነት ያውጡት። ቁልቁለት ላይ ይህን ፈጽሞ አይሞክሩ።

ማዕዘኑን ለመለካት በስልክ ላይ ያለ የውሃ ልክ መተግበሪያ ይበቃል። መኪናው ባዶውን፣ በ4ቱም ጎማዎቹ በደልዳላ ወለል ላይ ቆሞ፣ ታኮ ተደርጎለት ይለካ፤ በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ከተንጠለጠለ የሚገኘው ቁጥር ሐሰት ነው፤ ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ ይፈጸማል። ወደ ዲፈረንሻሉ የሚገባው ዘንግ ከፊቱ ካለው ክፍል ጋር የሚሠራው ማዕዘንና ከዲፈረንሻሉ አፍንጫ (ዘንጉ ከሚገጥምበት ጫፍ) ጋር የሚሠራው ማዕዘን ከ1 ዲግሪ በላይ ባይለያዩ ይመረጣል። ከበለጡ፣ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የሚገባ የብረት ሽብልቅ የአፍንጫውን አቅጣጫ ያስተካክላል፤ የሽብልቁ መጠን ግን በልክ እንጂ በግምት አይወሰን። የእኛ ምርጫ የተጨመረውን ባሌስትራ ማስወጣት ነው። ባሌስትራ ሲጨመር መኪናው የሚችል ይመስላል እንጂ ፍሬኑም፣ አክስሉም፣ ጎማውም እንደ ድሮው ናቸው፤ ድንቹን ጭነው ወደ አዲስ አበባ በሚወርዱበት መንገድ ላይ ይህ ያሳስበናል።

ሁለት ነገሮች ግን ለነገ የማይባሉ ናቸው። በብዙ ረዣዥም ፒክአፖች ላይ ዘንጉ ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ መካከሉን የሚይዝ ኩሽኔታ አለው፤ በዙሪያው ያለው ጎማ ተቀዶ እንደሆነ በእጅ ገፋ አድርገው ይዩ። የተበላሸ ማዕዘን ይህን ኩሽኔታም አዲሱን ክሮቸራም ቶሎ ይበላቸዋል፤ ማርሽ ሲገባ «ቋ» የሚል ድምፅ ካለ ወይም ክሮቸራው በእጅ ሲነቀነቅ ክፍተት ካሳየ፣ ዘንጉ በሩጫ ላይ ሊበጠስ ስለሚችል ሳይጠገን አስፋልት አይውጡበት። ክሮቸራው ሲለወጥ ዘንጉ ምልክት ሳይደረግበት ተፈትቶ ከሆነም፣ የሁለቱ ጫፎች ሹካዎች በአንድ መስመር መግጠማቸው ይታይ፤ አንድ ጥርስ እንኳ ቢዛነፍ ተመሳሳይ ጉርምርምታ ያመጣል፣ ይህኛው ግን በጭነትም ጊዜ ጨርሶ አይጠፋም።

ባዶውንና በ4 ኩንታል የለኩትን ማዕዘን ቢጽፉልን፣ ሽብልቅ የሚያስፈልግ መሆኑንና በስንት ዲግሪ እንደሚሆን አስልተን በሚቀጥለው እትም እንመልስልዎታለን።