የጠፋው ዜብራ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቤታችን ኮምቦልቻ ነው፤ ከደሴ የሚወርደው ዋና መንገድ ዳር። የ8 ዓመት ልጄ ለትምህርት ቤት በቀን ሁለቴ ትሻገረዋለች። ዜብራው ለቆ ጠፍቷል። ፍጥነት መቀነሻ ይሠራልን ብንል አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ይልከናል። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አብሽሪ እታለም። እኔ በዚያ መንገድ 22 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። ከደሴ እናንተ ጋ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች ርቀት መንገዱ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። የሐረጎን ቁልቁለት በከባድ ማርሽ የወረደ ሾፌር ደህና ነው። በፍሬን ብቻ የወረደው ግን ታች ሲደርስ የፍሬኑ ሸራ ግሏል። ያ የተቃጠለ ሽታ ደጃችሁ ድረስ ሳይመጣ አይቀርም። የጋለ ፍሬን ደግሞ እንደልብ አይዝም።

አንድ ክረምት ጭጋግ ወርዶ ነበር። ከፊቴ ዜብራ መኖሩን ያወቅሁት አንዲት ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መሃል መንገድ ላይ ሳያት ነው። አላህ አተረፋት። ከቆምኩ በኋላ እጄ መሪውን አልለቅ አለኝ። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። እግሬ ፍሬን እስኪረግጥ ያን ያህል መንገድ ሄጃለሁ ማለት ነው።

ስለዚህ ጉብታ ብቻ አትጠይቁ። ቁልቁለት ስር ሳይታሰብ የሚመጣ ጉብታ ጭነት ለያዘ መኪና ራሱ አደጋ ነው። ቀድሞ የማስጠንቀቂያ ምልክት ይቁም፣ ቀጥሎ ጎማ የሚያንገጫግጩ ስስ መስመሮች ይሠሩ፣ ከዚያ ጉብታው ይምጣ። ዜብራው እዚያው ጉብታው ላይ ይቀባ።

አገር አቋራጩ መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፣ የውስጥ ለውስጡ የማዘጋጃ ቤት። የሚያመላልሷችሁም ለዚህ ነው። አንድ ደብዳቤ ጻፉና ለሁለቱም፣ ለትራፊክ ፖሊስም በግልባጭ አስገቡ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ይኑርበት። ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ቀን ሳትይዙ አትውጡ፤ በቃል የተጠየቀ ነገር ማንም አያስታውሰውም። በዜብራ ላይ ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት እንደሚያስቀጣም ጥቀሱ።

እስከዚያው ልጅቷ ብቻዋን አትሻገር። ስትሄድ ግራዋን ትያዝ፣ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታያት። ተሳቢ ሲያልፍም ወዲያው እንዳትገባ ንገሪያት። ከኋላው ተደብቆ የሚመጣው ባጃጅ አይታይም።