ሕልም መሆኑን እያወቁ ማለም ይጎዳል? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አንዳንድ ሌሊት ሕልም ውስጥ እያለሁ «ይሄ እኮ ሕልም ነው» እላለሁ፤ ወዲያው ግን እነቃለሁ። ጓደኞቼ «ደጋግመህ ከሞከርከው ሳትነቃ ትቀራለህ፣ አእምሮህም ይናጋል» ይሉኛል። እውነት ነው? ሆን ብሎ ማምጣትስ ይቻላል?

መልስ፦ ሳትነቃ አትቀርም። ቁልጭ ያለ ሕልም በብዛት የሚታየው ዓይን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ በሚልበት የእንቅልፍ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በየ90 ደቂቃው ገደማ ይመላለሳል፤ በሌሊቱ መጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል፣ ሊነጋ ሲል ግን ግማሽ ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ጊዜው ሲያልቅ፣ ሕልም መሆኑን አወቅኸውም አላወቅኸውም፣ ሕልሙም ያልቃል።

ነገሩ ተረት አለመሆኑም ተረጋግጧል። በእ.ኤ.አ. 1975 እንግሊዝ አገር፣ ሃል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ ተኝቶ የነበረ ሰው አስቀድሞ በተስማሙት መሠረት ዓይኑን ግራ ቀኝ እያደረገ ከሕልሙ ውስጥ ለተመራማሪው ለኪዝ ሄርን ምልክት ሰጥቷል። በዚያ ሰዓት የሰውነት ጡንቻ ቢዝልም ዓይን ግን ይንቀሳቀሳልና። በእ.ኤ.አ. 2021 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ተኝቶ የነበረ ተሳታፊ «8 ሲቀነስ 6» ተብሎ ሲጠየቅ ዓይኑን ሁለት ጊዜ ግራ ቀኝ አድርጎ መልሷል።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ያህል ደብተርና እርሳስ ራስጌህ አኑር። ስትነቃ ሳትገላበጥ ሕልሙን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አስታውስ፤ ጽሑፉ ከዚያ ይከተላል። ደጋግሞ የሚመጣውን ነገር (የፈተና አዳራሽ፣ የሞተ ዘመድ፣ የጠፋ ጫማ) አስምርበት፤ ወደፊት ሕልም መሆኑን የሚያስታውስህ እሱ ነው። ቀጥሎ በሳምንት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ በማግሥቱ ትምህርት በሌለበት ሌሊት ሞክር። ማታ 4 ሰዓት ተኛ፤ ማንቂያውን ለሌሊት 9 ሰዓት ሙላ። ተነሥተህ 10 ደቂቃ ያህል ቁጭ በል፤ ስልክ ግን አትነካካ፣ ብርሃኑ እንቅልፍህን ያባርረዋል። ተመልሰህ ስትጋደም የቅርቡን ሕልም አስብ፣ ውስጡ ያለውን እንግዳ ነገር ለይ፣ «ቀጥሎ ሳልም ሕልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያልክ ራስህን እዚያው ሕልም ውስጥ ሕልም መሆኑን ስታውቅ እየው። ቃሉን እንደ ዳዊት መድገም ብቻ አይበቃም፤ ልብህ ከሐሳቡ ጋር ይሁን። ለማሕሌት ሌሊት ተነሥቶ የተመለሰ ሰው ንጋት ላይ ሸለብ ሲያደርገው ሕልሙ የሚበዛውም የዚያ ሰዓት እንቅልፍ ዓይን ወዲያ ወዲህ የሚልበት ክፍል የሚበዛበት ስለሆነ ነው።

ወዲያው የምትነቃው ስለምትደነግጥ ነው። «ሕልም ነው» ስትል አትጩህ፣ አትሩጥ፤ የሕልም መዳፎችህን እያፋተግህ እግርህ ሥር ያለውን መሬት ተመልከት። ብዙዎችን ይረዳል። መጠራጠር ከመጣ አፍንጫህን ይዘህ ለመተንፈስ ሞክር፤ ሕልም ከሆነ አየሩ ያልፋል። «ሕልም ከሆነ እበራለሁ» ብሎ ከፎቅ መዝለል መፈተኛ አይደለም። ያልተሳሳተ ሰው የለምና ይህን ሕግ ከመጀመሪያው ያዝ።

ጉዳቱ የሚመጣው እንቅልፍ ሲቆረስ ነው፤ በየሌሊቱ ማንቂያ የሚሞላ ሰው በሳምንቱ ይፈዛል፣ ይነጫነጫል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አይሞክረው፤ እንቅልፍ ማጣት ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ድምፅ የሚሰማው፣ እውኑና ሕልሙ የሚምታታበት ወይም ከልክ ያለፈ የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለበትም እንደዚሁ።

ጥያቄ፦ ከብቸና ነው የምጽፈው። የ17 ዓመት ልጄ ይህንን ነገር ከስልክ ላይ አይቶ ሲሞክር ዱካክ ተጫነው። ዓይኑ ተከፍቶ መንቀሳቀስ አቃተው፣ ደረቱ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር አለ። እናቴ «ጸበል ይግባ» ትላለች። ሐኪም ቤት ልውሰደው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ አንድ ሁለቴ ከሆነ ሐኪም ቤት አያደርስም። አእምሮው ነቅቶ ጡንቻው ገና ሳይነቃ ሲቀር የሚመጣ ነው፤ ከሴኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል። የታፈነ ቢመስለውም ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ አይተኛም፤ ትንፋሹ አለ። ሲይዘው ከመታገል ይልቅ ቀስ ብሎ ይተንፍስና የእግሩን አውራ ጣት ወይም የአንድ እጁን ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ይሞክር። በጎኑ ይተኛ፣ በጀርባ መተኛት ያባብሰዋል። የመኝታ ሰዓቱንም ያስተካክል። እናትዎ ያሉት ጸበልም ጸሎትም ልጁን ካረጋጋው ምንም አይከለክልም። ሙከራውን ግን ለጊዜው ያቁም። ቀን ቀን እንቅልፍ ድንገት የሚጥለው ከሆነ ወይም ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ከሆነ ያን ጊዜ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ ነዋሪ ነኝ፣ 54 ዓመቴ ነው። አባይ በረሃን ስንወርድ አውቶቡሱ ገደል ሲገባ እያየሁ በቅዠት እነቃለሁ። ይህ ዘዴ ይጠቅመኛል?

መልስ፦ የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ቅዠት ላይ ነው ብለን እናምናለን፤ ለመብረር ብቻ የሚለማመደው ሰው ዋናውን ትቶታል። ለእርስዎ ግን ነቅተው በቀን በሚያደርጉት ልምምድ ቢጀምሩ ይሻላል፣ እንቅልፍም አያስቆርጥም። ቅዠቱን በአጭሩ ይጻፉና ፍጻሜውን ይለውጡ፦ ሹፌሩ ጥግ ይዞ ያቆማል፣ እርስዎ ወርደው ድንጋይ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ ከታች ወንዙ ይታያል። አዲሱን ታሪክ ነቅተው ሳሉ በቀን 10 ወይም 15 ደቂቃ በዓይነ ልቡና ይመልከቱት። አሮጌውን አይደጋግሙት። ለውጡ ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ሕልሙ ውስጥ «ይህማ ያ ቅዠት ነው» ብለው ካወቁ ደግሞ ከመሸሽ ይልቅ አዲሱን ፍጻሜ ይጥሩት።

«ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይባላል፤ ብዙ ሰው ግን ለመተኛት አረቄ ይቀምሳል። አረቄው በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ሕልሙን ያፍነዋል፤ ከሰውነት ሲወጣ ወደ ንጋት ላይ ቅዠቱ በርትቶ ይመለሳል። መድኃኒትም ይመርምሩ፦ የኤች አይ ቪው ኢፋቪረንዝና የወባው ሜፍሎኩዊን ሕልም ያበረታሉ። የሚወስዱ ከሆነ በራስዎ አያቋርጡ፣ ለሐኪሙ ይንገሩ። በሕልም ሲታገሉ በእውን የሚራገጡ፣ አጠገብ የተኛውን የሚመቱ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ላለ ሰው የነርቭ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ጥያቄ፦ የቅኔ ተማሪ ነኝ። በሕልሜ ቅኔ መቁጠር እችላለሁ?

መልስ፦ ልምምድ በሕልም እንደሚሠራ ፍንጭ አለ፤ በሕልማቸው ሳንቲም ወደ ዒላማ መወርወር የተለማመዱ ሰዎች ጠዋት ላይ ተሻሽለው ታይተዋል። ቅኔው ላይ ያለው ችግር ማስታወሱ ነው። በሕልም የተጻፈ ፊደል ዓይንህን መልሰህ ስታየው ይለዋወጣል፣ ስለዚህ አትጻፈው፤ በቃልህ በለው። ከረጅሙ ይልቅ በሁለት ቤት የሚያልቀውን ጉባኤ ቃና ሞክር። ሲሞላልህ ሕልሙን ለማስረዘም አትጓጓ፤ ንቃና ዓይንህን ሳትገልጥ አንዴ ድገመው፣ ከዚያ ጻፈው። ጠዋት ስታነበው ሰዋስውም ምሥጢርም ያልገጠመለት ሊሆን ይችላል፣ ሕልም ውስጥ ሁሉም ቅኔ ያማረ ይመስላልና፤ ለመምህርህ ከማቅረብህ በፊት በደንብ አርመው።