የምንወደው ሙዚቃ ስለ ስብዕናችን ምን ያህል ይናገራል?

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ምርጫና ስብዕና በእርግጥ ይያያዛሉ?

መልስ፦ ይያያዛሉ፤ ዝምድናው ግን በተለምዶ እንደሚወራው የጠበቀ አይደለም። ፒተር ሬንትፍሮውና ሳሙኤል ጎስሊንግ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ከ3,500 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ሲያሳትሙ፣ አዲስ ሐሳብና አዲስ ልምድ የመሻት ባሕርይ ያላቸው ሰዎች እንደ ጃዝና ክላሲካል ወዳሉ ውስብስብ ሙዚቃዎች፣ ጨዋታና ሰው የሚወዱት ደግሞ ወደ ፖፕና ዳንስ ሲያደሉ አግኝተዋል። ሆኖም ከሁሉ ጠንካራ የነበረው የመጀመሪያው ግንኙነት እንኳ በሰዎች ምርጫ መካከል ካለው ልዩነት አንድ አምስተኛውን አያብራራም። እ.ኤ.አ. በ2017 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመሩት ቶማስ ሼፈርና ክላውዲያ ሜልሆርንም አብዛኞቹ ግንኙነቶች ወደ ዜሮ የተጠጉ መሆናቸውን አሳይተዋል። ስለዚህ «ምን እንደምታዳምጥ ንገረኝ፣ ማን እንደሆንክ እነግርሃለሁ» የሚል ፈተና ባጋጠመዎ ቁጥር እንደ መዝናኛ ይዩት።

ጥያቄ፦ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ከሄቪ ሜታል ሌላ አያዳምጥም። ጠበኛ እየሆነ ይሆን?

መልስ፦ በዚህ ብቻ አይስጉ። በዚያው የ2003 ጥናት እንደ ሄቪ ሜታል ያለ ኃይለኛ ሙዚቃን መውደድ ከሰው ጋር ካለመስማማትም ሆነ ከስሜት አለመረጋጋት ጋር አልተያያዘም፤ ይልቁንም ከአዲስ ነገር ፈላጊነት ጋር ተገናኝቷል። ከሩብ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ሌላ ጥናት ደግሞ የዚህ ዓይነት ሙዚቃ ፍቅር በወጣትነት በርትቶ ዕድሜ ሲገፋ እንደሚቀንስ አመልክቷል። ልጅዎ ምናልባት የሚያሳየው ዕድሜውን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የሚያሳዝን ዜማ ነው የሚያረካኝ፤ ጨፍጋጋ ሰው ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አሳዛኝ ዜማ የሚያረካቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ የርኅራኄ ስሜት ያላቸው ሆነው ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ ስብዕና ነው ምርጫን የሚቀርጸው ወይስ ሙዚቃው ስብዕናን?

መልስ፦ አብዛኞቹ ጥናቶች ሁለቱን በአንድ ጊዜ ስለሚለኩ የትኛው ቀዳሚ እንደሆነ መለየት አይችሉም።

ጥያቄ፦ ታዲያ የማያውቁትን ሰው በዘፈን ምርጫው መገመት ከንቱ ነው?

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሬንትፍሮውና ጎስሊንግ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሥራ፣ የአንድን ሰው አሥር ተወዳጅ ዘፈኖች ብቻ የሰሙ ሰዎች ለአዲስ ነገር ያለውን ዝንባሌ ከሌሎች ባሕርያቱ በተሻለ ገምተዋል። ሥራውን በጥንቃቄና በሥርዓት የሚያከናውን መሆን አለመሆኑን ግን ከዘፈኖቹ ማንበብ ከብዷቸዋል።