ፓምፑ ያለቅሳል

ባለፈው ሳምንት አራት ኪሎ ማኪያቶዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ አጠገቤ ያለ አንድ የምሕንድስና ተማሪ ስለ ኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ የሚያወራ ቪዲዮ ስልኩ ላይ ይመለከት ነበር። ጡረታ የወጣሁ መሐንዲስ መሆኔን ሲሰማ አንደኛውን የጆሮ ማዳመጫ ነቀለ (ሁለቱን መንቀል ለእናንተ ትውልድ ሳይከብድ አይቀርም)። «ጋሼ፣ እዚህ መርከብ ላይ ለመሥራት ከሁሉ የሚያስቸግረው የኑክሌር ማብላያው ነው አይደል?» አለኝ።

አይደለም አልኩት። ማብላያው ቆየት ያለ ነገር ነው። የመጀመሪያዋ የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ፣ የአሜሪካዋ ናውቲለስ፣ በኑክሌር ኃይል ከወደብ የወጣችው እ.ኤ.አ. ጥር 1955 ነው። ቨርጂኒያ የሚባሉት የዛሬዎቹ የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከቦች ነዳጅ ሳይቀየርላቸው 33 ዓመት ያህል እንዲያገለግሉ ተደርገው የተነደፉ ናቸው፤ የሚጠጡትንም የሚተነፍሱትንም ከባሕሩ ውኃ ያወጣሉ፤ ወደ ወደብ የሚመልሳቸው የስንቅ ማለቅ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። 115 ሜትር ርዝመት ያለውን፣ ከኳስ ሜዳ የሚበልጠውን፣ ከ130 ሰው በላይ የያዘውን ብረት ዝም ማሰኘት።

ውኃ ውስጥ ብርሃንም ሬዲዮም ሩቅ አይሄዱም። ድምፅ ግን በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አየር ላይ ከሚሄድበት ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ጠላት መርከቧን የሚፈልጋትም በጆሮ ነው። ስለዚህ ተርባይኑንና ማርሹን በአንድ መደብ ላይ ሰብስበው መደቡን በጎማ ትራስ ያስቀምጡታል። የመርከቧን ገላ ጎማ ያለብሱታል። አንዳንዱ ማብላያ በዝግታ ሲሠራ የጋለው ውኃ በራሱ ሽቅብ ወጥቶ፣ ቀዝቅዞ ይወርዳል፤ ትልልቆቹ ፓምፖች ይጠፋሉ። ሶቪየቶች፣ ምዕራባውያን «አልፋ» የሚሏትን በታይታኒየም ሠርተው በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ አስሮጧት፤ ስትሮጥ ግን ከሩቅ ትሰማ ነበር። አንዲት የተበላች ኩሽኔታ መርከቧን ታሳብቃለች፤ እያልኩት ሳለ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። የቀረውን ለእሱም ለእናንተም ልጻፈው።

በ1978 ዓ.ም. ከውጭ አገር ተምሬ እንደተመለስኩ ቸርችል ጎዳና አጠገብ በነበረ አንድ ሕንፃ የማሽን ክፍል ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለት የውኃ ፓምፖች ነበሩ፤ የሚጠብቋቸው ደግሞ በወጣትነታቸው ምጽዋ፣ በባሕር ኃይል ሞተር ክፍል የሠሩ አንድ አዛውንት። ሁልጊዜ ሰማያዊ ቱታ ይለብሳሉ፤ የደረት ኪሳቸው በሽቦ ተሰፍቷል። ማዳመጫቸው የመጥረጊያ እንጨት ቁራጭ ነበረች። አንዱን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ስለ ባሕርም ሲያወሩ ስለ ማዕበልና ስለ ዓሣ አልነበረም፤ የየመርከቡ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ ነበር የሚነግሩኝ።

አንድ ሐሙስ ጠሩኝ። «የኔ ልጅ፣ ይቺኛዋ ፓምፕ ታለቅሳለች። ኩሽኔታዋ ሄዷል።» የግፊት መለኪያውን አየሁ፤ ደህና ነው። ሙቀቱንም አየሁ፤ ደህና ነው። እንጨቷን ዘረጉልኝ፤ አልተቀበልኳቸውም። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። «ጋሼ፣ መሣሪያው ምንም አይልም» ብዬ ደረጃውን ወጣሁ።

እሑድ ሌሊት ፓምፑ ነክሶ ቀጥ አለ፤ ቧንቧው ከመጋጠሚያው ተገንጥሎ ምድር ቤቱ እስከ ጉልበት ውኃ ሞላ። ሰኞ ጠዋት ሪፖርት ተጠየቅሁ። «የተረኛ ሠራተኛ ቸልተኝነት» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ። ሲወጡ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ እንጨቷን ግን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠዋት ነበር።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1963 ትሬሸር የተባለች የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ 129 ሰዎች ይዛ ሰጠመች። የባሕር ውኃ ቧንቧ ከመጋጠሚያው ሳይፈነዳ አልቀረም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ውኃ የሚነካውን እያንዳንዱን ብየዳና ብሎን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደመረመረው በፊርማ እንዲያዝ አደረጉ። በዚያ ሥርዓት ተረጋግጦ የወጣ መርከብ እስካሁን አልጠፋባቸውም። ይህን ያነበብኩት ሃምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ አንብቤም ስለ መርከቧ ሳይሆን ስለዚያች ሰኞ ፊርማዬ ሳስብ አደርኩ።

በርትታችሁ ተማሩ የሚለውን ወላጆቻችሁ ስለሚነግሯችሁ እኔ አልደግመውም። መሣሪያን አትመኑ ልላችሁም አልችልም፤ ዛሬ የኩሽኔታን ንዝረት ከየትኛውም ጆሮ ቀድሞ የሚይዝ መለኪያ አለ፤ እኔም በነበረኝ ብዬ ተመኝቻለሁ። ብቻ፣ ሰው እንጨት ሲዘረጋላችሁ ተቀበሉ። ስለ ሸሚዛችሁም ያን ያህል አትጨነቁ፤ እናንተ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ለልብስ ታበዛላችሁ።

አዛውንቱን ፍለጋ ዶሮ ማነቂያ የሄድኩት በ2016 ዓ.ም. ነው፤ ሰፈሩ ሲፈርስ። ቆርቆሮ የሚጭኑ ልጆችን ጠየቅሁ። ከመካከላቸው የሚያውቃቸው አልነበረም።

ይህን ሁሉ ለተማሪው አልነገርኩትም። «እንጨት እንዴት ያሰማል?» ብሎ ሲጠይቀኝ ከዘራዬን ሰጠሁት። ተነሥቶ ከለስላሳው ማቀዝቀዣ ጎን ቆመ፤ ሁለተኛውንም የጆሮ ማዳመጫ ነቀለ። አንዱን ጫፍ ከኋላ ሞተሩ ላይ ደገፈና እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ። አስተናጋጇ ሥራዋን አቁማ አየችው።

«ጋሼ፣ ውስጡ የሆነ ነገር ያንኳኳል» አለኝ።

እኔ ከሁለት ዓመት ወዲህ ጆሮዬ ስለደከመ፣ ባለቤቱን ጥሩልኝ አልኩ።