የሱፐርኮንዳክተር ፊልምና የደሴ ክረምት፦ ጥያቄና መልስ

ስለ ሱፐርኮንዳክተር ስስ ፊልም ሰሞኑን የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ሰብሰብ አድርጌ ልመልስ። ሱፐርኮንዳክተር በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ሬዚስታንስ (እንቅፋት) የሚያስተላልፍ ቁስ ነው፤ ፊልም የምንለውም የዚህን ቁስ በጣም ስስ ንጣፍ ነው።

ከደሴ፣ የፊዚክስ ተማሪ፦ «ከውጭ የመጣልን የዋይቢሲኦ ፊልም መሳቢያ ውስጥ ከረመ። አሁን በፈሳሽ ናይትሮጅን ስናቀዘቅዘው ሬዚስታንሱ ዜሮ አይደርስም። አየር አበላሸው?»

እህቴ፣ ዋናው ተጠርጣሪ አየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ዋይቢሲኦ ኢትሪየም፣ ባሪየም፣ መዳብና ኦክስጅን ያሉበት ሴራሚክ ነው። ከዜሮ በታች 181 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲደርስ ሱፐርኮንዳክተር ይሆናል። ጣጣው ያለው ባሪየሙ ላይ ነው። ውሃ ሲያገኝ ከክሪስታሉ እየወጣ ባሪየም ሃይድሮክሳይድ ይሆናል። ያ ደግሞ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ተዋህዶ ባሪየም ካርቦኔት ይሆናል፤ ካርቦኔቱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ወፍራም ቁራጭ ላዩ ቢጎዳ ውስጡ ይተርፋል። ስስ ፊልም ግን ብዙ ጊዜ ውፍረቱ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ብቻ ስለሆነ የሚተርፍ ውስጥ የለውም። ጉዳቱም በክሪስታሎቹ መጋጠሚያ በኩል ሰርስሮ ይገባል። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ለብሳ ስትከርም መሳቢያ አያድነውም።

ከኮምቦልቻ፦ «እኛ ጋ ይሞቃል። እዚህ ቢቀመጥ አይሻልም?»

አይሻልም። ሞቃት አየር እንዲያውም ብዙ ውሃ መያዝ ይችላል። በደንብ በሚዘጋ ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ ደረቅ ሲሊካ ጄል ጋር ከታሸገ ሁለቱም ከተማ ያው ነው። ቀለሙን የሚቀይረውን ጄል ምረጡ፤ ሲቀየር በኦቨን አድርቁት።

ከደሴ፣ አስተማሪ፦ «ለተማሪዎች ካሳየሁ በኋላ ፊልሙን ከናይትሮጅኑ አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ችግር አለው?»

አለው፣ መምህር፤ ከሁሉም በላይ እዚህ ጋ ይጠንቀቁልኝ። ፊልሙ ሲወጣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። የክፍሉ እርጥበት ወዲያው በረዶ ሆኖ ይለጠፍበታል፤ በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ፊልሙ ውሃ ውስጥ ተኛ ማለት ነው። ቶሎ መጥረግም ይጭረዋል እንጂ አያድነውም። ይልቅ ቀስ ብለው ከፈሳሹ ከፍ ያድርጉትና እዚያው ዕቃ ውስጥ፣ በደረቁ የናይትሮጅን ጋዝ መሃል ይሙቅ። የክፍሉን ሙቀት ሲይዝ ብቻ ያውጡት። ዕቃውን ግን አይክደኑ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ይፈነዳል። መስኮትም ይክፈቱ፤ ናይትሮጅን የክፍሉን ኦክስጅን ገፍቶ ያስወጣል።

ያቺው ተማሪ፦ «የተበላሸው ይመለሳል?»

ከክሪስታሉ የጎደለው ኦክስጅን ብቻ ከሆነ በኦክስጅን ውስጥ 450 ዲግሪ አካባቢ ማሞቅ ሊመልሰው ይችላል። ካርቦኔት ከሆነ ግን በዚህ ሙቀት አይፈርስም፤ ፊልሙን እንደጠፋ ቁጠሩት። ሌላ የምታስመጡ ከሆነ ላዩ በስስ ወርቅ ወይም በብር የተሸፈነውን ጠይቁ።