ማክኮኔልን በ18 ደቂቃው እንየው

«ቁመቱ 1.85፣ ሦስት ነጥብ ብዙም የማይሞክር ተቀያሪ ፖይንት ጋርድ (ኳስ ይዞ ጨዋታ የሚመራ) ለቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለኢንዲያና ፔሰርስ ምን ይጠቅማል? እውነት ጎበዝ ከሆነስ ለምን ቋሚ አያደርጉትም?» ብለህ ስለ ቲ. ጄ. ማክኮኔል ለጠየቅከኝ ወንድሜ፣ መልሴ ረዘም ይላልና ታገሰኝ።

ከራሴ ልነሳ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዲፓርትመንታችን ተቀያሪ ፖይንት ጋርድ ነበርኩ። ቋሚው ልጅ ረጅም ነው፣ ከሩቅም ያገባል። እኔ ስገባ እሱን ልምሰል እላለሁ። ኳሱ ብረቱን እንኳ ሳይነካ ይወጣል፣ ተመልካቹ ይስቃል፣ እኔም ተመልሼ ቁጭ። አንድ ቀን አሰልጣኛችን ጠርቶኝ «ሹት አድርግ ማን አለህ? የማስገባህ እነዚያን እንድታስሮጣቸው ነው» አለኝ። ደስ አላለኝም። ግን ቲ. ጄ. ማክኮኔልን ሳይ ሁሌ ትዝ የሚለኝ ይህ ንግግር ነው።

ሰውዬውን በ2015 ድራፍት (የአሜሪካው ሊግ ኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚመርጡበት) ላይ ማንም አልመረጠውም። ፊላዴልፊያ ወሰደው፣ በ2019 ኢንዲያና ገባ። በ2023-24 በአማካይ 18 ደቂቃ ብቻ እየተጫወተ 10.2 ነጥብና 5.5 አሲስት (ነጥብ ያስገኘ ማቀበል) ነበረው። ለተቀያሪ ይህ ቀላል አይደለም። (አባቱ አሰልጣኝ፣ አክስቱ ደግሞ በ1988 ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች ፖይንት ጋርድ ናት። ከቤት የመጣ ነገር አለ።)

ብዙ ሰው «ጉልበት አለው፣ ይሮጣል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ነጠቃውን ልብ ብለህ እይ። ፔሰርስ አግብቷል እንበል። የተቃራኒው ቡድን ረጅሙ ሰው ኳሷን ከመረቡ ሥር ያነሳና ከመስመር ውጪ ይቆማል። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ነው። ማክኮኔል ወደ ራሱ ሜዳ የሚመለስ ይመስላል። ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄዳል። ኳሷ ከሰውዬው እጅ ስትወጣ ዞር ይልና መሃል ገብቶ ይወስዳታል። ይህ የሌባ ዓይን እንጂ የሩጫ ጉዳይ አይደለም። መጋቢት 2021 ክሊቭላንድ ላይ ከቤንች ተነስቶ 16 ነጥብ፣ 13 አሲስትና 10 ነጠቃ ሠርቷል። ዘጠኙ ነጠቃ በመጀመሪያው አጋማሽ ነበር፤ ያ የኤንቢኤ ሪከርድ ነው።

በ2025 የኤንቢኤ ፍጻሜም ኦክላሆማ ሲቲን ያንኑ አደረጋቸው። ሦስተኛው ጨዋታ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የጀመረው። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ድምፁን ዘግቼ እያየሁ ነበር። 10 ነጥብ፣ 5 አሲስት፣ 5 ነጠቃ። በፍጻሜ ታሪክ ከቤንች ተነስቶ ይህን ያሟላ ሰው ከእሱ በፊት አልነበረም። ፔሰርስም 116 ለ107 አሸነፈ።

ማጥቃቱ ላይ ደግሞ ድሪብሉን አያቆምም። በአንድ በኩል ይገባል፣ በቅርጫቱ ሥር ያልፋል፣ በሌላው ጎን ይወጣል። ተከላካዮቹ አንገታቸው ይዞራል። የተረሳ ሰው ካገኘ ይሰጠዋል፣ ካላገኘ ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ ከቅርብ ይወረውራል።

ያንተ ጥያቄም ግን መሠረት አለው። ከሩቅ ስለማያስፈራ ጠባቂው ወደ ኋላ ይሸሽለታል፣ ጓደኛው በአካሉ ጋርዶ ፒክ ሲሠራለትም ጠባቂው ከጋራጁ ኋላ ያልፋል። ስለዚህ አጠገቡ ሹት የሚያደርጉና እንደ ኦቢ ቶፒን የሚሮጡ ልጆች ያስፈልጉታል። እነሱ ከሌሉ መንገዱ ይዘጋል።

«ለምን ቋሚ አይሆንም» ላልከው መልሱ የዚያው ፍጻሜ ሰባተኛና የመጨረሻ ጨዋታ ላይ ነው። ቋሚው ፖይንት ጋርድ ሃሊበርተን በመጀመሪያው ኳርተር አኪለሱ (የተረከዙ ጅማት) ተበጠሰና ሸክሙ ማክኮኔል ላይ ወደቀ። እስከ ዕረፍት ፔሰርሶች 48 ለ47 እየመሩ ነበር። በሦስተኛው ኳርተር ማክኮኔል ብቻውን 12 ነጥብ አገባ። ጨዋታው ላይ እሱ ብቻ ያለ እስኪመስል ድረስ! ያም ሆኖ ያንን ኳርተር ኦክላሆማ 34 ለ20 ወሰደችው። ሌላ ጊዜ እሱ ሲገባ የሚቀየረው የጨዋታው ፍጥነት ነው፤ ሃሊበርተንን ለምዶ የቆየ ተከላካይ ግራ ይገባዋል። ያን ሌሊት ግን የሚቀየር ነገር አልነበረም። የኦክላሆማ ተከላካዮች ዶርትና ካሩሶ ሲጠብቁት የነበረው እሱን ራሱን ነው። 103 ለ91 አለቀ። እኔም ፊቴን ታጥቤ በቀላ ዓይን ሥራ ገባሁ።