ስለ ቀጋ ጠይቁኝ

ጥ፦ ጋሼ፣ ቀጋ ጽጌረዳ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መ፦ የለየለት ጽጌረዳ ነው! ሳይንሳዊ ስሙ ሮዛ አቢሲኒካ ይባላል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። እኛ ደብረ ብርሃን ላይ የፈረንጅ ጽጌረዳ በብር እየገዛን፣ እሱን ለበግ በረት አጥር እናደርገዋለን።

ጥ፦ ሳይንሳዊ ስሙን ማን አወጣው? ሲጻፍ ለምን የሁለት ሰው ስም ይከተለዋል?

መ፦ ያወጣው ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን ነው። አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ሄንሪ ሶልት የደረቀ ናሙና ይዞለት ሄደ። ተክሉን በደንብ ገልጾ ከነስሙ ያሳተመው ግን እንግሊዛዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊንድሊ ነው፣ በ1820 እ.ኤ.አ.። ስለዚህ የብራውንም የሊንድሊም ስም ይጻፋል። እናቶቻችን ግን ቀጋ ካሉት ስንት ዘመኑ!

ጥ፦ ከአጋም በምን ልለየው?

መ፦ አጋም ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያወጣል፤ ፍሬው ሲበስል ይጠቁራል። ቀጋ ወተት የለውም፤ ፍሬው ብርቱካንማ ቀይ ነው።

ጥ፦ ዘሩን ዘርቼ አንድም አልበቀለልኝም።

መ፦ አይዞህ፣ እኔም ስንቴ ከስሬያለሁ። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ ወራት ያስጠብቃል። ይልቅ ሰኔ ላይ እርሳስ የሚያክል፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ቁራጭ ጥላ ውስጥ ትከል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ይሄ ነው፦ ረጅም ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርግ፣ መሃሉን ቅበር፣ ድንጋይ ጫንበት፣ ጫፉን ከላይ ተው። ሥር ሲሰድ ከእናቱ ቁረጠው።

ጥ፦ ግቢዬ መረሬ፣ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ ክረምት ውኃ ይቋጥራል።

መ፦ ሥሩ ይበሰብስብሻል፣ እህቴ። የእነዋሪ ገበሬ ለስንዴው እንደሚያደርገው ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፣ ውኃው በቦዩ ይውረድ። የበሰለ ፍግ ጨምሪበት።

ጥ፦ ልጆች ፍሬውን ቢበሉ?

መ፦ ሥጋውን ብቻ። ውስጡ ያለውን ዘርና ጠጉር ጠርገሽ አውጪ። ጠጉሩ የሚያሳክከው ጉሮሮን ብቻ አይደለም፤ የበላ ያውቀዋል።

ጥ፦ መቼ ልግረዘው?

መ፦ አበባው ሲረግፍ። ፍሬ ከፈለግህ ግን ፍሬው እስኪለቀም ጠብቅ። ጥቅምት ላይ አትንካው፤ ለጋው ቀንበጥ በውርጭ ይቃጠላል። ወፍራም ጓንት አድርግ፣ እሾሁ ወደ ኋላ የቆለመመ ስለሆነ ልብስ ከያዘ አይለቅም። የኔ ጋቢ ምስክር ነው።